ጆሮ ያለባቸው ቃላት

እንግሊዝኛን አልወደውም። አስተምረዋለሁ፣ እንጀራዬ ነው፣ ግን አልወደውም። ሕግ የለውማ። ኢ፣ ኤ፣ አር የሚባሉ ሦስት ፊደሎች አሉ እንበል። ለብቻቸው ሲቆሙ ኢር ይባላሉ፣ ጆሮ ማለት ነው። ከፊታቸው ኤች ሲገባ ሂር ይሆናል፣ መስማት። ኤፍ ሲገባ ፊር፣ ፍርሃት። እሺ፣ ገባን፣ እንቀጥል ሲባል ቢ ይገባና ቢር መባሉ ቀርቶ ቤር ይሆናል፣ መሸከም። ከፊት ኤል ከኋላ ኤን ሲጨመር ደግሞ ድምፁ ጭራሽ ይለወጥና ለርን ይባላል፣ መማር። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። እኔ ምን አውቄ፣ ሂዱና የሠሩትን ጠይቁ እላለሁ። ቁጡ ነኝ፤ እናቴም ትመሰክራለች።

ቢሆንም ወሎ፣ መርሳ ከተማ ከተመደብኩ በኋላ ቃላትን የማስተምረው በዚሁ መንገድ ሆነ፤ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። መጽሐፍ ለአንድ ዴስክ አንድ ቢደርስ ነው፤ መዝገበ ቃላት የያዘ ተማሪ አላየሁም። ስለዚህ ጥቂት ፊደሎች እመርጥና እነሱን በሆዳቸው የያዙ ቃላትን ከነትርጉማቸው ሰሌዳው ላይ አሰልፋለሁ። የሦስቱን ፊደሎች ሰልፍ «ጆሮ ያለባቸው ቃላት» እንለው ነበር። ይር ዓመት፣ ኒር ቅርብ፣ ዲር ውድ፣ ቲር እንባ፣ ሃርት ልብ፣ ኧርዝ መሬት። ጂ እና ኤች ተጎልተውባቸው የማይነበቡባቸውን ደግሞ ለብቻ፦ ላይት ብርሃን፣ ናይት ሌሊት፣ ራይት መብት፣ ፋይት ውጊያ፣ ፍላይት ሽሽት። ትርጉማቸው አይዛመድም፣ የሚመሳሰሉት በመልክ ብቻ ነው። ግን ልጅ በመልክ የያዘውን ነገር አይረሳም።

ዜማውን ያመጡት ተማሪዎቹ ናቸው። የሀብሩ፣ የወረዳችን ልጅ መንዙማ እየሰማ ያደገ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው እያጨበጨበ ይቀበላል። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዷ «ፊር» ብላ አወጣች፤ ክፍሉ «ፍርሃት» ብሎ ተቀበለ። በዚያው ቀረ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው «ይሄ ክፍል ነው ሰርግ ቤት?» አሉኝ። ሰርግ ቤት ከመሰለዎት ሚዜ ሆነው ይግቡ አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ በመስኮት አላዩንም።

ያን ቀን ያወጣችው አሥረኛ ክፍል የነበረች፣ አፏ የማያርፍ ልጅ ናት። ታላቅ እህቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ እሷንም አስተምራት ነበር። ሁለቱ ከግራና ከተማ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት መጥተው መርሳ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ታላቋ ዝምተኛ ናት። እጇን አታወጣም፤ ስጠራት ግን ተነሥታ ቃሉን ከነትርጉሙ ከነምሳሌው ቁጭ ታደርገዋለች። እንደሷ ያለ ጭንቅላት በየዓመቱ አይመጣም። ታናሿ ደግሞ ትርጉሙን ስታም ቢሆን ማውጣቱን ለማንም አትለቅም። ስትስት ትስቃለች፣ ስቆጣት የባሰ ትስቃለች።

የታላቋ ነገር በአንድ ፈተና ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በእኛ በኩል አንድ ልጁን ወደ ዓረብ አገር ያልሸኘ ቤት ጥቂት ነው። ደላላው ሰብስቦ በሐራ ከተማ በኩል ወደ በረሃው ያወጣቸዋል፣ ጅቡቲ ያደርሳቸዋል፣ ከዚያ ባሕሩን ነው። የሚደርስ ይደርሳል። አባቷ ከደላላው ጋር ጨርሰው ነበር ማለት ይቻላል። የቀራቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ካለፈች ዩኒቨርሲቲ፣ ካላለፈች ባሕር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሰው ቀዝቀዝ ብላ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። አንቺን ባሕር ላይ ሊጥልሽ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ እኔን ይጣለኝ አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከትምህርት ሰዓት ውጭ አስቀምጬ አስተምራት ጀመር።

ጦርነቱ የመጣው ትምህርቱ አልቆ ፈተናው ሳይደርስ፣ ክረምት ላይ ነው። ወልድያ ተያዘች የተባለ ቀን መርሳ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። እናቴ ወልድያ ናት። አገሩ ሁሉ፣ ከነፍየሉ ከነፍራሹ፣ ወደ ውርጌሳ ወደ ደሴ ይጎርፋል፤ እኔ ወደ ወልድያ ካልወሰድከኝ ብዬ ከሹፌር ጋር እጣላለሁ። ሹፌሩ እብድ መስዬው ጥሎኝ ሄደ። ይሄኔ ነው የልጆቹ አባት ሁለቱን ከፊት አስቀድመው፣ ፍራሹን ተሸክመው ያገኙኝ። «አንቺ መምህርት፣ እዚህ ተገትረሽ ለማን ልትሞች ነው? ነይ፣ እኛ ጋ ትከርሚያለሽ» አሉ። መልሴን አልጠበቁም፣ ሻንጣዬን ከእጄ ወሰዱት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ናቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እነሱ ሙስሊም ናቸው፤ ጾም በሆነ ቁጥር ሚስታቸው ሳልጠይቃቸው የእኔን ድስት ለይተው ያስቀምጡልኝ ነበር። ይህን የምናገረው ኋላ የምናገረው ስላለ ነው። የሰውየውን እንጀራ በልቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የኖረበት ያውቀዋል። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም፣ ወፍጮ የለም። ማሽላውን እየቆላን እየቀቀልን በላን። ከባድ መሣሪያው ከወልድያ በኩል ሲያጓራ ግድግዳው ይርገፈገፋል፣ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ይንጫጫሉ፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ስለ እናቴ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። መንገድ ላይ የሚመላለሱት ታጣቂዎች ዛሬ እህል፣ ነገ በግ፣ ከነገ ወዲያ ብርድ ልብስ ይሉናል። ለምንም ነገር ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። እኔ ጥርሴን ነክሼ ቁጭ ብዬ፣ ከዚህ ሁሉ መሀል ያንገበገበኝ ያ ፈተና ነበር ብል የሚስቅብኝ ይኖራል። ይሳቅ።

አባታቸው አንዲት በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ድምጿን ዝቅ አድርገው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሰማሉ። አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮዋ ብሔራዊ ፈተናው እየተሰጠ ነው አለች። ሌላው አገር ቁጭ ብሎ ይፈተናል። እኛ ማሽላ እንቆላለን። እርር ድብን አልኩ። ታላቋ ግን ተነሥታ መጽሐፎቿን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላ ቆጡ ላይ ሰቀለቻቸው።

«ቲቸር፣ የእኔ ነገር አልቋል። አላህ ካላለው ምን ይደረጋል» አለችኝ።

«አላህ መቼ አላልኩም አለሽ? ያላለው ሬዲዮው ነው። ጆንያውን አውርጂው።»

አላወረደችም። ያወረድኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ከሰል አንሥቼ የጓዳው በር ላይ ቃላት መጻፍ ጀመርኩ። ሁለቱን አስቀመጥኩ፤ ከጎረቤት ያሉ ተማሪዎችም ሲሰሙ መጡ፣ ቤቱ ሞላ። ታናሿ ወዲያው ማውጣት ጀመረች። «ናይት» ስትል «ሌሊት»፣ «ፋይት» ስትል «ውጊያ»፣ «ፍላይት» ስትል «ሽሽት» እያሉ በጭብጨባ ሲቀበሏት እናታቸው ከማጀት እየሮጡ መጡ። «ኧረ በአላህ፣ ውጊያ ውጊያ እያላችሁ ልታስፈጁን ነው? መንገዱ ላይ እኮ ይሰማል» አሉ። እውነታቸውን ነው። እንግሊዝኛውን ማንም አይሰማው፣ ትርጉሙ ግን በጥሩ አማርኛ ውጭ ድረስ ይወጣል። ያን ሰልፍ አጥፍቼ ጆሮ ያለባቸውን ቃላት ጻፍኩ። እነሱ ሰላማዊ ናቸው።

በዚሁ ሰሞን ነው አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሽማግሌው የገቡት። ጎረቤት ናቸው፤ የቅሬው ዳኛ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማለት ነው፣ ዱዓ ሲደረግም መሪው እሳቸው ናቸው። ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አወለቁ፣ ይዘው የመጡትን ጫት መሬት ላይ አኖሩ፣ ጥግ ይዘው ተቀመጡና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ታናሿ «ቲር» አለች፤ ልጆቹ «እንባ» አሉ፤ ሽማግሌው «አሚን» አሉ። «ኒር»፣ «ቅርብ»፣ «አሚን»። ልጆቹ ሳቃቸውን ለመያዝ ታገሉ። ወዲያው ሁለት ጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ገቡና እነሱም እጃቸውን ዘረጉ። የጭብጨባ ድምፅ ሰምተው ይህ ክፉ ቀን እንዲያልፍ ዱዓ የተያዘ መስሏቸዋል።

«አባቴ፣ ይሄ እኮ ዱዓ አይደለም፣ እንግሊዝኛ ነው» አልኩ፣ ሰዓቴ ስለተበላብኝ እየተናደድኩ።

«እንግሊዝኛው ምን ይላል?»

«ጆሮ፣ መስማት፣ ፍርሃት፣ እንባ፣ ቅርብ፣ ልብ ነው የሚለው።»

«ታዲያ የእኛ ዱዓ ሌላ ምን ይል መሰለሽ?» አሉና እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ምን ይባላል? እሳቸው ግን ነገሩን አልተዉትም፤ ልጆቹ ለምን እንዲህ እንደሚለፉ ጠየቁ። ታናሿ፣ አፏ የት ያርፋል፣ «እህቴ ባሕር እንዳትገባ ነው» አለች። አባታቸው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ መሬት መሬት አዩ።

እኔ ይህን ጊዜ አላሳለፍኩትም። በዱዓ ላይ፣ በቅሬው ዳኛ ፊት፣ እጅ ተዘርግቶ እያለ የተነገረ ቃል በዚያ አገር አይታጠፍም። ቃሉን የበላ ሰው ሲሞት እንኳ የቅሬው ሰው ሬሳውን የሚያነሣው እያጉረመረመ ነው። «አባባ፣ እዚሁ ቃል ይግቡልኝ» አልኳቸው። «ፈተናው ከመጣና ካለፈች አትሄድም ይበሉ።» እንግዳ ሆኜ እንዲህ ማለቴ ድፍረት ነው፤ ይወቀስልኝ። አባታቸው ከበሩ መጥተው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ። «ፈተናው መጥቶ ይህች ልጅ ካለፈች አትሄድም። ትማራለች። ወላሂ» አሉ። ሽማግሌው «አሚን» አሉ፣ ቤቱ ሁሉ «አሚን» አለ፣ እኔም ከሁሉ በላይ ጮኼ «አሚን» አልኩ። ያን ቀን ማሽላው ራሱ ጣፈጠኝ።

በሬዎቹን የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ነበሩ፣ አንዱ ቡሬ አንዱ ጥቁር። ታጣቂዎቹ ሲመጡ ልጆቹ ጓዳ ገቡ፤ እኔ አልገባም ብዬ በረቱ በር ላይ ቆምኩ። ከመሀላቸው አንዱ፣ ጢሙ ያልጠነከረ፣ የጓዳው በር ላይ ያለውን የከሰል ጽሑፍ አይቶ ቆመ። አነበበው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እኔም አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ» አለኝ።

«ታዲያ ግባና ቁጭ ብለህ ተማራ፤ በሬያችንን የት ትነዳለህ?» አልኩት።

ፊቱ ቲማቲም መሰለ። በሬውን ግን ነዳው። ልከተለው ስል አባታቸው ክንዴን ያዙኝ። «ተይ ልጄ፣ በሬ ነው፣ ሰው አይደለም። አይዞሽ፣ አብሽሪ» አሉኝ። እኔን አብሽሪ ብለው እሳቸው ከቤቱ ጀርባ ሄደው ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተመለሱም። ከዚያ ወዲያ ስለ እርሻ አንሥተው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ገበሬ በሬውን ሲያጣ እጁን እንደ ማጣት ነው፤ መሬቱ እያለ ጦሙን ያድራል። ያን ታጣቂ ዛሬም ባገኘው ከማንም በላይ የምሰድበው እሱን ነው፤ ሌሎቹ አያውቁም፣ እሱ ግን ማንበብ ያውቅ ነበር።

በታኅሣሥ ገደማ መንገዱ ተከፈተ። እናቴን ወልድያ በሕይወት አገኘኋት፣ ከስታ፣ ከእኔ በላይ እየተቆጣች። ከዚያ ትምህርት ቤቱን ለማየት መርሳ ወረድኩ። ዴስኮቹ የሉም፤ ግቢው ውስጥ ሦስት ጉልቻ ተጎልቶ፣ የተለበለበ የዴስክ እግር አመዱ ላይ ወድቋል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወረቀት እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፣ የተረፈው ደግሞ የሰው መፀዳጃ ሆኗል። እኔ አፍንጫዬን በነጠላ አስሬ መጥረግ ጀመርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ያን ጊዜ ነው እንግዶች በመኪና የጎረፉት። ፎቶ ያነሣሉ፣ ይዘግባሉ፣ አይዟችሁ ይላሉ። አንዱ፣ የክራቫቱ ቀለም አሁንም አይኔ ላይ አለ፣ አመዱ አጠገብ ቆሞ «ችግርን ወደ ዕድል መለወጥ ነው» አለ። እስኪ አንተ ለውጠውና አሳየን ብዬ መጥረጊያውን ሰጠሁት። ባልደረቦቼ ጎትተው ወሰዱኝ።

ብዙም ሳይቆይ በጦርነቱ ምክንያት ያልተፈተኑ ተማሪዎች ይፈተናሉ ተባለ። ቀኑ ሩቅ አልነበረም። ድንቄም ፈተና። ግማሽ ዓመት መብራት ያላዩ፣ መጽሐፋቸው የተቃጠለ፣ ወንድማቸውን የቀበሩ ልጆች፣ እናንተም ከሌላው እኩል ናችሁ ተባሉ። ብናደድም አልተቀመጥኩም። ታላቋን ወደ መርሳ አመጣኋት፣ ታናሿም ተከትላት መጣች፤ የራሷ ክፍል ገና አልተከፈተም ነበር። ሦስታችን በእኔ ቤት ከረምን። ታናሿ ሽሮ ትሠራለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ድስቱን እያማሰለች ቃላት ታወጣለች፤ ታላቋ ከመጽሐፉ ቀና ሳትል ትቀበላለች። አንዳንዴ ሁለቱ ሹክሹክታ ይዘው እደርስባቸዋለሁ፤ ስገባ ዝም ይላሉ። የእህትማማች ነገር ነው ብዬ ተውኩት።

ፈተናውን ከየቦታው በተለቃቀመ ወንበር ላይ ተፈተኑ። የመጨረሻ ቀን ታላቋ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ጠበቅኋት። የእንግሊዝኛው ምንባብ ስለ ምን እንደነበር ጠየቅኋት። በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራትን ስለ መቆጠብ ነው አለችኝ። እኔ ሳቅኩ፤ የቁጣ ሳቅ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሠርታ እንደሆነ ስጠይቃት አዎ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ደስ ያላት አትመስልም ነበር፤ ድካም ነው አልኩ።

ውጤቱ በስልክ ሲለቀቅ ወልድያ እናቴ ቤት ነበርኩ። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ሁለት ቀን አሰቃየኝ፤ ሲከፈት አየሁት። አልፋለች። እንዲያው ለጥቂት አይደለም፣ በደንብ አድርጋ ነው ያለፈችው። እናቴን አቅፌ አሽከረከርኳት። ስኳር ገዛሁ፣ ለታላቋ ጫማ ገዛሁ፣ ለታናሿም ወግ ነው ብዬ ሻሽ ገዛሁ፣ መርሳ በሚኒባስ፣ ከዚያ ግራና፣ ከዚያ በእግር። እየሄድኩ ሽማግሌውን አስጠርቼ ዱዓ እንደማስደርግ አስብ ነበር።

አባታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ተነሡ።

«እንኳን ደስ አለዎት አባባ፣ አልፋለች» አልኩ።

«ሰምተናል፣ አልሃምዱሊላህ። ቃሌ ቃል ነው መምህርት፣ ትማራለች።»

ቤቱ እንደ ደስታ ቤት አይደለም። እናታቸው ወጥተው ሳሙኝና ተመልሰው ገቡ። ሻሹን ከፌስታሉ አውጥቼ ታናሿ የት አለች አልኩ። አባታቸው መሬት መሬት አዩ።

«ሄደች።»

«የት?»

«ከደላላው ጋር፣ ከሌሎቹ ልጆች ጋር። ትናንት በሐራ በኩል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። ገና ልጅ ናት አልኩ። በዱዓ ላይ፣ በሽማግሌ ፊት ቃል ገብተው አልኩ። ሐሰተኛ ነዎት ብያለሁ፣ እሱን አስታውሳለሁ፤ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ ያበሉኝ ሰው ናቸው። እስክጨርስ ቆመው ሰሙኝ።

«በሬ የለኝም» አሉ፣ ስጨርስ። «መሬቱ ዘንድሮም ጦሙን ሊያድር ነው። ከሁለት አንዷ መሄድ ነበረባት። ቃል የገባሁት ስለ ታላቋ ነው፤ ጠብቄያለሁ። ስለ ታናሿ ያን ቀን ያነሣ ሰው ነበር?»

አልነበረም። ትቻቸው ወደ ውስጥ ገባሁ። ታላቋ መደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። እጄን ትከሻዋ ላይ ሳሳርፍ አልዞረችም።

«ሳትነግሪኝ?» አልኳት። «መልእክት ብትልኪብኝ መንገድ ላይ ተኝቼም ቢሆን አስቀራት ነበር።»

«እኔ ካለፍኩ እሷ እንደምትሄድ ሁለታችንም እናውቅ ነበር» አለች፣ ለግድግዳው። «አንቺ ቤት ሳለን ነው የተነጋገርነው። እወድቃለሁ አልኳት። ብትወድቂም እሄዳለሁ፣ ወድቀሽ ሁለታችንም ከምንሄድ ሥሪው አለችኝ። እያንዳንዱን ጥያቄ ስሠራ አውቅ ነበር ቲቸር። እያወቅኩ ነው የሠራሁት።»

ከእሷ አጠገብ ተቀመጥኩ። የምቆጣው ሰው ፈለግኩ፤ ደላላውን አላውቀው፣ አባትየው ደጅ ናቸው፣ ታጣቂው የት እንዳለ እንጃ። ሻሹን በእጄ እንደያዝኩ ቆየሁ። ሲመሽ እናታቸው የእኔን ድስት ለይተው አመጡልኝ፤ ጾም ነበር፣ እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ።

ታላቋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ ጎትቼ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አሁን ሰው ባገኘኝ ቁጥር ያቺን ልጅ ከባሕር አፍ ያወጣሽ መምህርት ይለኛል። በስብሰባ ላይ አስነሥተው አስጨብጭበውልኛል። ሰው የሚያጨበጭብለትን ነገር ቢያውቅ እጁን ይሰበስብ ነበር። ታላቋ በየጊዜው ትደውልልኛለች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ በልጧል፤ ሰላምታውንም፣ የትምህርቱንም ወሬ በእንግሊዝኛ ነው የምታወራኝ። አንዱን ጥያቄ ብቻ በአማርኛ ትጠይቀኛለች፣ ከማንኛውም ነገር በፊት፦ እህቴ ደወለችልሽ?

አልደወለችም።